ከአራት ኪሎ እስከ ዝቋላ በብስክሌት

ሰማዩ በጠራ ማለዳ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው፣ ከከተማው ቆርቆሮና ፎቅ ባሻገር፣ ከሜዳው ተነጥሎ ብቻውን የቆመ ተራራ ይታየዋል። ተራራው ዝቋላ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አየው ነበር፤ በብስክሌት እደርስበታለሁ ብዬ ያሰብሁት ግን ዕድሜዬ 40 ከሞላ በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሦስት ቀን ወስደን ከአራት ኪሎ ተነሣን፤ የቢሾፍቱን ሐይቆች ዞረን፣ ዝቋላ ወጥተን ተመለስን። የባሕር ዳርቻ ጉዞ ያማረው የአዲስ አበባ ሰው ያለው አማራጭ የሐይቅ ዳር ነው፤ የግድብ ውኃ ካልተቆጠረ ደግሞ ከቢሾፍቱ ሐይቆች የሚቀርበው የለም። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ጉዞ ለሚያስቡ ሰዎች ስለሆነ፣ ካየነው ውበት ይልቅ ለተሳሳትነው ነገር ሰፋ ያለ ቦታ እሰጣለሁ።

ዕቅዳችን በኪሎ ሜትር ብቻ የተሰላ ነበር። ከአራት ኪሎ ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቢሾፍቱ ዝቋላ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መሄጃው 80፣ መመለሻውም 80 ቢሆን ለሦስት ቀን የሚከብድ አይደለም ብለን ደመደምን። ወረቀታችን ላይ ያልሰፈረው ከፍታው ነበር። አራት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ መሄጃው ከሞላ ጎደል ቁልቁለት ሲሆን፣ በመመለሻው ያው ቁልቁለት አቀበት ሆኖ ይጠብቃል። የዝቋላ ጫፍ ደግሞ 2,989 ሜትር ነውና ከቢሾፍቱ ተነሥቶ እዚያ የሚደርስ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዛሬ ጉዞ ሳቅድ እያንዳንዱን 100 ሜትር አቀበት እንደ 3 ኪሎ ሜትር ሜዳ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ይህ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ቀመር ሳይሆን የገዛ ጉልበቴ ያስተማረኝ ልክ ነው፤ ወጣት የሆነ ወይም ክብደቱ የቀለለ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። በዚህ ስሌት ከቢሾፍቱ አራት ኪሎ 50 ሳይሆን 66 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከቢሾፍቱ ዝቋላ ጫፍም 30 መሆኑ ቀርቶ ከ60 ያልፋል። ይህን ቀድመን አስልተን ቢሆን ኖሮ አራተኛ ቀን እንጨምር ነበር።

ወደ ብስክሌት የመለሰኝ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን ነው። ብስክሌት መንዳት የተማርሁት በልጅነቴ፣ ጃን ሜዳ ዙሪያ በደቂቃ ሒሳብ በሚከራይ ሳይክል ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከ25 ዓመት በላይ ነክቼ አላውቅም ነበር። በዚያ እሑድ መስቀል አደባባይን ያለ መኪና ሳየው ከአንድ ልጅ ሳይክል ተውሼ ሁለት ዙር ዞርሁ፤ በሳምንቱ መርካቶ ወርጄ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት በ7,000 ብር ገዛሁ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ትቶ ሦስት ነገር ይመልከት። የመጀመሪያው ቁመቱ ነው፤ ፔዳሉ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ብቻ እንደታጠፈ የሚቀር ከሆነ ልክ ነው፤ በጣም ከታጠፈ ግን ኮርቻው ከፍ መደረግ አለበት፤ ከፍ ማድረጊያ ቦታ ከሌለው ብስክሌቱ ትንሽ ነውና ይቅርባችሁ። ሁለተኛው ማርሹ ነው፤ ሻጩ እያለ ፔዳሉን በእጅ እያዞራችሁ ሁሉንም ማርሽ አንድ በአንድ አስገቡ፤ በተለይ ትንሿ የፊት ጥርስ መሥራቷን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም አቀበት ላይ ያለ እሷ መዳኛ የለም። ሦስተኛው ቸርኬው ነው። እኔ የተሸወድሁት በዚህ ነበር።

የገዛሁትን ብስክሌት ፒያሳ ለሚገኙ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ወሰድሁላቸው። ገልብጠው በኮርቻውና በመሪው ላይ አቆሙትና የኋላውን ጎማ በጣታቸው መትተው አሽከረከሩት፤ አውራ ጣታቸውን ፍሬኑ ላይ አስደግፈው ጥፍራቸውን ወደ ቸርኬው አስጠጉ። ጎማው በዞረ ቁጥር ቸርኬው አንድ ቦታ ላይ ጥፍራቸውን ጫር አድርጎ ያልፋል። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ይጨፍራል፤ ሜዳ ላይ ምንም አይልህም፣ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን ስትይዝ ይነጥቅሃል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ታዲያ ይጣላል?» ብላቸው ሳቁ። ከዚያም በትንሽ መፍቻ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ፣ በአንዱ በኩል ሩብ ዙር እያጠበቁ፣ በሌላው በኩል ያንኑ ያህል እያላሉ፣ ከሦስት ሩብ ሰዓት በኋላ ጥፍራቸው ምንም ሳይነካው ጎማው ጸጥ ብሎ እንዲዞር አደረጉት። እያንዳንዷን ሽቦ እንደ ክራር ጅማት በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ድምፅዋን ይሰሙ ነበር፤ የላላች ሽቦ ድምፅዋ ወፍራም ነው። ይህን ከእሳቸው ተምሬ አሁን ከማንኛውም ረጅም ጉዞ በፊት ሽቦዎቹን በጣቴ እመታለሁ።

ለልምምድ ከመኻል አዲስ አበባ የተሻለ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም፤ ከተማው ራሱ ዳገት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ እወጣ ነበር። መንገዱ አጭር ስለሆነ ሲያቅት ወርዶ መግፋት አያሳፍርም፤ ደግሞም በማለዳ 12 ሰዓት ማን ያያል? በኋላ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጌ ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመርሁ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን አቀበት ሳይወርዱ የጨረሰ ሰው ለዝቋላ ግማሹን ዝግጅት ጨርሷል ማለት ይቻላል፤ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልወርድ የጨረስሁት በአራተኛው ወር ነው። ዛሬ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ በሚነሡት በታደሱት ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ስላለ ጀማሪዎች ከእኛ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ በእኛ ጊዜ የነበረው ምርጫ ከታክሲ ጋር መጋፋት ወይም ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ነበር።

ስለ ስንቅ ብዙ አልልም። ከመደብር የሚገዛውን ጣፋጭ ትታችሁ በሶ ያዙ። በማር የታሸ በሶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ አይበላሽም፤ በውኃ ቢበጠበጥ መጠጥ ይሆናል፤ አቀበት መኻል ላይ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነፍስ ይመልሳል። ቆሎ ግን ለዕረፍት እንጂ ለመንዳት አይሆንም፤ እያለከለኩ ቆሎ መቆርጠም ትን ያስብላል። ውኃ ለእያንዳንዱ ሰው ከሁለት ሊትር ባያንስ ይመረጣል። ከመሣሪያ 15 ቁጥር መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ መንፊያ፣ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማና መለጠፊያ ያስፈልጋል። «ሁለት» ያልሁበትን ምክንያት ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ዓርብ ጥር 15 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከአራት ኪሎ ሐውልት ሥር ተነሣን። መንገዱ በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር ወደ መስቀል አደባባይ ይወርድና ከዚያ የባቡሩን ሐዲድ እየተከተለ በጎተራና በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይደርሳል። ፔዳል መምታት የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ብቻ በመሆኑ ባልደረባዬ «እንዲህ ከሆነማ ሐዋሳስ ለምን አንሄድም?» እስከ ማለት ደረሰ። ቁልቁለት ሰውን የሚያታልለው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚመጣውን ዕዳ እንደ ስጦታ አድርጎ ያሳያል። ከቃሊቲ በኋላ አደጋው ይጨምራል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ብስክሌት ስለማያስገባ ያለው ምርጫ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ሲኖትራኩ፣ አይሱዙውና ቅጥቅጡ አብረው ይጎርፋሉ። ጠቃሚ ሆኖ ያገኘነው ነገር ቢኖር ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ መንዳት ነው። ጠርዙን ታክኮ የሚነዳ ሰው ከኋላው ያለው ሾፌር በጎኑ ሾልኮ ለማለፍ እንዲሞክር ይጋብዘዋል፤ በዚያ ላይ የአስፋልቱ ጫፍ ብዙ ቦታ ላይ ተሸርፎ ስንዝር ከሚሞላ ቁልቁል ጋር ይጨርሳል። ከኋላ ረጅም ክላክስ ስትሰሙ ግን ክርክር አያስፈልግም፤ ወደ ጠጠሩ ውጡ።

ከዱከም ወዲያ በመንገዱ ግራና ቀኝ የአዳ ሜዳ ይዘረጋል። ወቅቱ የሽንብራ እሸት የሚሸጥበት በመሆኑ እናቶችና ልጆች እስሩን አንጠልጥለው መኪና ሁሉ እንዲቆምላቸው ይጠራሉ፤ እኛም አንድ እስር ገዝተን መሪዬ ላይ አንጠልጥለን እየፈለፈልን ሄድን። ዱከም ለመድረስ ከአራት ኪሎ አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጀብን። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቢሾፍቱ ገብተን በያይነቱ አዘዝን፤ ዓርብ በመሆኑ ሌላ ነገር ለማሰብም አልደፈርንም።

የቢሾፍቱ ሐይቆች በብስክሌት ለሚሄድ ሰው ያላቸውን ጠባይ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው፤ ከሥር የሚወጣው ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ፈንድቶ መሬቱን እንደ ድስት ቦርቡሮታል። ስለዚህ የባሕር ዳርቻን በሥዕል የለመደ ሰው እንደሚያስበው ውኃው ከመንገዱ ጎን የተኛ አይደለም፤ መንገዱ የድስቱ ከንፈር ላይ ነው፣ ውኃው ከታች ነው። ወደ አንዱ ሐይቅ ዳር በወረድን ቁጥር ያንኑ ቁልቁለት ብስክሌት እየገፉ መውጣት የግድ ነበር። በአንድ ከሰዓት ሦስቱንም ወርደን ስንወጣ በስልካችን የለካነው አቀበት ከ200 ሜትር በላይ ሆነ፤ ከንፈሩን ተከትለን ብቻ ብንዞር ኖሮ ከላይ የሚታየው ውበት ይበልጥ ነበር። እኔ ብመክር አንዱን ብቻ መርጣችሁ ውረዱ እላለሁ፤ ያም ባቦጋያ ይሁን፣ ምክንያቱም ዙሪያውን የሚሄደው መንገድ በአብዛኛው ለብስክሌት የሚመች ነው። ኩሪፍቱ ግን ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ዳሩም ገር በመሆኑ አቀበት አያስከፍልም።

ስለ መዋኘት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእነዚህ ሐይቆች ዳር ድንገት ይጎደጉዳል፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ድረስ የሚጠልቅ ነው። ላብ አጥምቆት፣ ጡንቻው ዝሎ የመጣ ሰው ሁለት እርምጃ ገብቶ ሦስተኛው ላይ መሬት ሊያጣ ይችላል። እግራችሁን ነክራችሁ ተቀመጡ፤ ይበቃል። ሌላው ቅሬታዬ ዳሩ አብዛኛው በሎጅና በግል ግቢ የታጠረ መሆኑ ነው። ሦስት በር አንኳኩተን በሁለቱ «ብስክሌት አይገባም» ተባልን፤ አንዱ በር ላይ መኪና የያዘው ሰው ሳይጠየቅ ሲገባ ላብ ያጠመቀን እኛ መታወቂያ ተጠየቅን። አንድ ለስላሳ ለመጠጣት የመግቢያ ከፍሎ መግባት ሐይቁን ለማየት የሚከፈል ቀረጥ መሆኑን ተቀብላችሁ ሂዱ። በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ በሚከበርበት ሰሞን ደግሞ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ ወይ ቀድማችሁ ያዙ ወይ ሌላ ሳምንት ምረጡ።

ቅዳሜ ማለዳ በድሬ በኩል ወደ ዝቋላ ጉዞ ጀመርን። የባልደረባዬ አክስት ከተራራው ግርጌ፣ ወንበር ማርያም አካባቢ ስለሚኖሩ ማታ የሚያሳድሩን እሳቸው ነበሩ። ከከተማው በስተ ደቡብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ለመታየት የሚገባው ቢሆንም ጎራ ሳንል አለፍነው፤ ውኃው ጨውማ ሆኖ አረንጓዴ የሚመስለው ስፒሩሊና የሚባለው ረቂቅ ተሕዋስ ስለሚራባበት ነው ይባላል፤ አራተኛ ቀን ለሚጨምር ሰው እተወዋለሁ።

ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ መንገዱ ፒስታ ነው፤ አፈሩም መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ደግሞ እንደ ሊጥ ከጎማ ጋር ተላቁጦ ብስክሌቱን ያስቆማል፤ ስለዚህ ይህን መንገድ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ሞክሩት። ስንጥቁ ከጎማው ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ የፊት ጎማ ይውጣል፤ እኔን አንዴ በመሪው ላይ አሻግሮ ጥሎኛል፣ ጉዳቱ ግን ከክርን መላጥ አላለፈም። ወቅቱ የውቂያ በመሆኑ አውድማው ከመንገዱ ዳር ነበር፤ የጤፍ ጭድ መንገዱ ላይ ተበትኖ ወርቅ ይመስላል፣ ከጭዱ ሥር ግን ለአጥር የተቆረጠ የግራር እሾህ ይተኛል። ጎማዬ ተነፈሰ። ትርፍ የውስጥ ጎማ ቀየርሁ። አራት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ያው ጎማ እንደገና ተነፈሰ፤ እሾሁን ከላይኛው ጎማ ሳልነቅል ነበር የቀየርሁት። ሁለተኛ ትርፍ ስላልያዝሁ ልለጥፍ ብዬ ማስቲሹን ስከፍተው ቱቦው ውስጥ ደርቋል። አንድ ጊዜ የተከፈተ ማስቲሽ ለሁለተኛ ጉዞ አይታመንም። ብስክሌቱን እየገፋሁ አንድ ሰዓት ከሄድሁ በኋላ የጋሪ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ አግኝተን ተገላገልን። ጎማ ስትቀይሩ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የላይኛውን ጎማ ውስጥ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩት፤ እሾሁ ጣታችሁን ይውጋ እንጂ አይለፋችሁ።

በመንደሮቹ ውስጥ ስታልፉ ቀድሞ ሰላምታ መስጠት ከሁሉ ይበልጣል። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ «አካም ጅርቱ» ብሎ ፍጥነት የቀነሰ ሰው ልጆቹ አብረውት ይሮጣሉ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሮጥ ግን ድንጋይ ሊከተለው ይችላል። ውሻ ሲመጣ ለማምለጥ አትሞክሩ፤ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በእሱ መካከል አድርጉ፣ ባለቤቱ እስኪጠራው ቁሙ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳትነሡ የአካባቢውን ጸጥታ እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ «አሁን ይቆይ» ካላችሁ ይቆይ።

ወንበር ማርያም ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። አክስቴ ብዬ የጠራኋቸው እመቤት ጭኮና እርጎ አቀረቡልንና ብስክሌቱን እያዩ «ይኼን ነው ወደ ላይ የምትወስዱት? እናንተን ይወስዳል ብዬ ነበር እኮ» አሉን። ልክ ነበሩ። ከግርጌው እስከ ጫፉ ሦስት ሰዓት ከሩብ የፈጀብን ሲሆን ከዚያ ውስጥ ተቀምጠን የነዳነው አንድ ሰዓት አይሞላም። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ድንጋዩ ከጎማው ሥር ስለሚንሸራተት ትንሿ ማርሽ ላይ ሆነን እንኳ የኋላው ጎማ ባዶውን ይዞራል። እዚያ ላይ ያገኘነው ዘዴ የሁለቱንም ጎማ ንፋስ ጥቂት ቀንሶ ድንጋዩን እንዲያቅፍ ማድረግና ክብደትን ወደ ፊት ማጋደል ነው። እየወጣን ስንሄድ ሜዳው ላይ ያልነበረ ጽድ ይጀምራል፤ ጉሬዛም ከዛፍ ዛፍ ሲዘል አየን።

ጫፉ ላይ ስትደርሱ መንገዱ እንደገና ወደ ውስጥ ይወርዳልና በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ ታያላችሁ። ቦታው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም በመሆኑ ሐይቁም ይከበራል፤ እጅ እንታጠብ ብሎ መጠጋት ነውር ነው። በር ላይ ላገኘናቸው መነኩሴ ራሴን ዝቅ አድርጌ «አባቴ፣ ብስክሌቱን ይዘን መግባት እንችላለን?» ብላቸው «ከደጅ አቁሙት፤ ከዚህ ወዲያ እግራችሁ ይበቃችኋል» አሉን። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ለንግሥ የሚመጣው ሕዝብና መኪና መንገዱን ስለሚሞላው፣ በእነዚያ ቀናት በብስክሌት መምጣት አይመከርም። ከከንፈሩ ላይ ሆነን በስተ ደቡብ ምሥራቅ በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ላይ ከተሠራው ግድብ ጀርባ የተኛውን የቆቃን ውኃ አየን፤ በስተ ሰሜን እንጦጦን ፈለግን፣ ጭጋግ ስለነበር አንድ ሰማያዊ መስመር ብቻ ነበር።

መውረዱ ከመውጣቱ ይበልጥ ያስፈራል። መጀመሪያ ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዤ ወረድሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የፊተኛው ፍሬን እስከ መሪው ድረስ ቢጨመቅም መያዝ ተወ። ወርጄ ቸርኬውን በጣቴ ብነካው አቃጠለኝ፤ የፍሬኑ ሸራ ግሎ ለስልሶ ጠርዙ ላይ እንደ ጥቁር ሰም ተለጥፏል። ጥላ ውስጥ ተቀምጠን አሥራ አምስት ደቂቃ አቀዘቀዝነው። ከዚያ በኋላ የወረድነው ፍሬኑን አጥብቆ ለአንድ አፍታ ይዞ ሙሉ በሙሉ በመልቀቅ፣ የፊትና የኋላውን እያፈራረቅን ነው፤ ሲለቀቅ ንፋሱ ቸርኬውን ያቀዘቅዘዋል። ውኃ ማፍሰስ ግን አይሞከርም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ይችላል። የፒያሳው ጠጋኝ ቸርኬውን ያቀኑልኝ ለዚህ ቀን እንደነበር የገባኝ እዚያ ላይ ነው።

እሑድ ከወንበር ማርያም ተነሥተን ቢሾፍቱ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ፈጀብን፤ ምሳ በልተን ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ተነሣን። ይህም ስህተት ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ አቧራውን እያነሣ ዓይን ያስጨፍናል፤ የእሑድ ማታ መኪናም ሁሉ ወደ ከተማ ይመለሳል። እስከ አቃቂ ድረስ መንገዱ ለዘብ ያለ በመሆኑ ችለነው ነበር። ከአቃቂ በኋላ ግን ዓርብ ጠዋት ሳናውቀው የወረድነው ነገር ሁሉ ፊታችን ቆመ፤ ከዚያ እስከ አራት ኪሎ ያለው አቀበት ከ300 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የሚመጣውም ሰውነት ባለቀበት ሰዓት ነው። ቃሊቲ ስደርስ ቀኝ ጭኔን ቁርጠት ያዘኝ፤ በሶው አልቋል፤ እኔ እዚያ ላይ ተሸነፍሁ። ባልደረባዬ «ቀስ ብዬ እመጣለሁ» ብሎ ቀጠለ።

ብስክሌት በሚኒባስ መጫን የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው በዕቅድ ውስጥ መግባት ነበረበት። ወያላው የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ፤ ተስማማን። የፊት ጎማውን ፈትቼ፣ ብስክሌቱን ማርሹና ሰንሰለቱ ወደ ላይ እንዲሆን ጎኑን አስተኝተን ፖርቶ መጋላው ላይ በገመድ ሁለት ቦታ አሰርነው። በማርሹ በኩል የተኛ ብስክሌት በመጀመሪያው ጉድጓድ ማርሹ ይጣመማልና ይህን ለወያላው አትተዉት፤ ራሳችሁ ውጡና እሰሩ። መስቀል አደባባይ ወርጄ፣ ጎማውን ገጥሜ፣ በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር እየገፋሁ ሐውልቱ ጋ ደርሼ ባልደረባዬን ተቀምጬ ጠበቅሁት። እሱ ከቃሊቲ አራት ኪሎ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀበት፤ ዓርብ ጠዋት ከአራት ኪሎ ዱከም ለመድረስ ከፈጀብን ጊዜ በአምስት ደቂቃ ብቻ ያነሰ ነው።